ፍተሻ ወሰን ሲኖረው ይከበራል

ሰው ከሥራው ድካም የሚያርፍበት፣ ልጆቹንም የሚያስደስትበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። በታላላቅ ከተሞች አጠገብ ወደተሠሩት የመዝናኛ ፓርኮች ሕዝብ የሚጎርፈው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዛሬ ወደ እንዲህ ያለው ፓርክ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ጨዋታውንና ሙዚቃውን አይደለም። በመጀመሪያ የሚያገኘው ረዥም ጠረጴዛና ከጠረጴዛው ኋላ የቆመ ፈታሽ ነው። አባት ጃንጥላውን፣ እናት የሕፃኑን ጡጦና የመለወጫ ልብሱን፣ ተማሪም ደብተሩንና ስንቁን የያዘበትን ቦርሳ ከፍቶ ያሳያል። ከዚያም ብረት ሲያገኝ በሚጮኸው የመፈተሻ በር ውስጥ ያልፋል። የመግቢያ ቲኬቱን የሚያሳየው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፍተሻ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንዳንዶቹ «ገንዘቤን ከፍዬ ልዝናና በመጣሁበት ሥፍራ እንደ ወንበዴ የምበረበረው ስለ ምንድር ነው?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል? ፈታሹ እንደ ወደደ ይፈትሽ» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዘዋል እንላለን። ፍተሻ ያስፈልጋል፤ የሚከበረው ግን ለታወቀ ምክንያት፣ በተወሰነ ደንብና በጨዋነት ሲፈጸም ነው። ይህንንም የምንጽፈው በተለይ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩት ወጣቶች ነው። ዛሬ ቦርሳቸውን ከፍተው የሚያሳዩት እነርሱ ነገ ደንቡን የሚጽፉትና ፈታሹን የሚያዝዙት ይሆናሉና።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድመን የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን የሚገኘው ቲቮሊ የተባለው የመዝናኛ ሥፍራ የተከፈተው በ1843 ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በተባለው ከተማ ዋልት ዲዝኒ ያሠራው ዲዝኒላንድ ደግሞ ጁላይ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። የዲዝኒላንድ ዙሪያ ከፍ ባለ የአፈር ግንብ የተከበበ ነው። ይህም የተደረገው ጎብኚው ከገባ በኋላ በውጭ ያለውን ከተማና መንገድ እንዳያይ፣ ጭንቀቱንም ሁሉ በር ላይ ትቶ እንዲገባ ታስቦ ነው። በዚያን ጊዜ በረኛው የሚጠብቀው ቲኬቱን ብቻ ነበር። እንዲያውም በመክፈቻው ቀን ሐሰተኛ ቲኬት ይዘው የገቡ ሰዎች ስለ በዙ ሥፍራው ከታሰበው በላይ ተጨናንቆ እንደ ነበረ ይነገራል። ስለዚህ የዚያን ዘመን በረኛ ያሳስበው የነበረው ሳይከፍል የሚገባ ሰው እንጂ ነፍስ ሊያጠፋ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ይህ አሠራር የተለወጠው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን አጠገብ በደረሰው አደጋ ምክንያት ነው። በዚያ ቀን በፍሎሪዳ የሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ ጎብኚዎቹን አስወጥቶ ተዘጋ፤ በካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድም ሳይከፈት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ የሚከፈትበት ጠረጴዛ በፓርኮቹ በር ላይ ቆመ። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ በኖቬምበር 2015 በፓሪስ፣ በዲሴምበር መጀመሪያም በካሊፎርኒያ በሳን በርናርዲኖ ብዙ ሰዎች በሽብር ተገደሉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዲሴምበር 17 ቀን 2015 ዲዝኒ፣ ዩኒቨርሳልና ሲወርልድ የተባሉት ሦስቱ ታላላቅ የመዝናኛ ድርጅቶች የብረት መፈተሻ መሣሪያ በየበራቸው አቆሙ። ዲዝኒም የመጫወቻ ጠመንጃና ሽጉጥ በፓርኮቹ ውስጥ መሸጥን አቋረጠ፤ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችም መልክን የሚለውጥ የጨዋታ ልብስ ለብሰው እንዳይገቡ ከለከለ። ለልጅ ደስታ ይሸጥ የነበረው ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ ጠመንጃ እንኳ የሚያስደነግጥ ነገር ሆነ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደለምን?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ጥበቃው የተጠናከረው ሁልጊዜ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለታቸውን አንርሳ። የመዝናኛ ሥፍራ የሰላም ሥፍራ ስለሆነ ክፉ ሰው አይነካውም ማለት አይቻልም። ቀድሞ የጠቀስነው የኮፐንሀገኑ ቲቮሊ በ1944፣ ዴንማርክ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን፣ ከጠላት ጋር ያበሩ ሰዎች ፈንጂ አጥምደውበት የሙዚቃ አዳራሹና ሌሎችም ቤቶቹ ፈርሰዋል። ሕዝቡ የሚወደውን ነገር በማጥፋት የሕዝቡን ልብ ለመስበር ነበር ሐሳባቸው።

የቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለ። በጁን 2016 በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አንድ መሣሪያ የያዘ ሰው በአንድ የምሽት ዳንስ ቤት ውስጥ 49 ሰዎችን ገደለ። በ2018 በዚሁ ነገር በተደረገ የፍርድ ሙግት ላይ የመንግሥት ዐቃቤ ሕጎች ሲያስረዱ፣ ሰውዬው በመጀመሪያ ያሰበው ዲዝኒ ስፕሪንግስ በሚባለው የገበያና የመዝናኛ ሥፍራ ላይ አደጋ ለመጣል እንደ ነበረና በዚያ የቆሙትን ፖሊሶች አይቶ እንደ ተመለሰ ለፍርድ ቤቱ ተናግረዋል። ነገሩ በዚህ መልክ ከሆነ ጥበቃ ክፋትን ከአንድ በር ሊመልሰው እንደሚችል፣ ነገር ግን ክፋትን ከምድር ላይ እንደማያጠፋው ያስረዳናል። ስለዚህ በበር ላይ የቆመውን ፈታሽ እንደ ከንቱ ነገር መቍጠር ስሕተት ነው፤ እርሱ ስላለ ብቻም ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ መተኛት እንዲሁ ስሕተት ነው።

የፍተሻ ኃይሉ ከመሣሪያው ይልቅ በሰዉ ላይ መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። ሜይ 22 ቀን 2017 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ብዙ ወጣቶች የሙዚቃ ትርዒት ተመልክተው ከአዳራሹ ሲወጡ፣ አንድ ሰው በትልቅ የጀርባ ቦርሳ ፈንጂ ይዞ ራሱንና 22 ሰዎችን ገደለ። ያፈነዳውም በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ወላጆች ልጆቻቸውን ሲጠባበቁ በነበሩበት በበሩ አጠገብ ባለው ሰፊ መተላለፊያ ነው። ነገሩን በሕዝብ ፊት የመረመሩት ሰር ጆን ሳውንደርስ የተባሉት ዳኛ በጁን 2021 ባወጡት የመጀመሪያው ክፍል መግለጫ፣ አደጋውን ለማስቀረት ወይም ለማሳነስ ይቻልባቸው የነበሩ አጋጣሚዎች እንዳለፉ ገልጠዋል። ልጁን ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው ቦርሳ የተሸከመውን አጠራጣሪ ሰው አይቶ፣ ቀርቦም ጠይቆት፣ ለአንድ የአዳራሹ ሠራተኛ ነግሮ ነበር፤ ነገር ግን ተገቢው ትኵረት አልተሰጠውም። ነገሩን የሰማ አንድ ወጣት ጠባቂ ደግሞ ለአለቆቹ በሬዲዮ ሊያስታውቅ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ሰውዬውን ቢጠይቀውና ቢሳሳት ሰውን በዘሩ ትጠረጥራለህ እንዳይባል ፈርቶ እንደ ነበረም ቃሉን ሰጥቷል። ወጣቱ ያን ጊዜ የ18 ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚህ ነገር የምንማረው ብዙ ነው። ፈታሹን በበር ላይ ማቆም ብቻ ጥበቃ አይባልም። ምን እንደሚፈልግ፣ ሰውን ሳያዋርድ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ሲጠራጠርም ለማን እንደሚነግር ሊማር ይገባዋል። አለቃውም የሚሰማው መሆን አለበት። እንግሊዞች በበኩላቸው ከዚያ አደጋ ትምህርት ወስደው፣ ልጃቸው የሞተባቸው ፊጌን መሪ የተባሉ እናት ለዓመታት ሲሟገቱለት የቆዩትን ሕግ ኤፕሪል 3 ቀን 2025 አጽድቀዋል። ሕጉ በልጃቸው በማርቲን ስም ይጠራል። 200 ሰዎችና ከዚያ በላይ ሊሰበሰቡባቸው የሚችሉ የሕዝብ ሥፍራዎች አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው እንዲሰናዱ፣ 800ና ከዚያ በላይ የሚይዙት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያዝዛል። ለመሰናዳትም ከ24 ወር የማያንስ ጊዜ ሰጥቷል።

መሣሪያውስ? በአሁኑ ዘመን ሰው ቦርሳውን ሳያወርድ እየተራመደ የሚያልፍበት አዲስ ዓይነት መፈተሻ ወጥቷል። የሚጠራጠረውን ነገር በቦርሳው ወይም በልብሱ ላይ ሲያገኝ ለፈታሹ በመስኮቱ ላይ ያመለክታል፤ የሚፈተሸውም የተመለከተው ሰው ብቻ ነው። ሰልፍን ስለሚያሳጥር መልካም ነገር ነው። ረዥም ሰልፍ ራሱ ከበር ውጭ የተከማቸ ሕዝብ ስለሆነ፣ በማንቸስተር እንዳየነው ለአደጋ የተጋለጠ ነውና። ነገር ግን መሣሪያም ቢሆን ያለ መጠን ሊመካበት አይገባም። እንዲህ ያሉትን መፈተሻዎች የሚሠራውን ኢቮልቭ የተባለውን ኩባንያ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኖቬምበር 2024 ከሶታል። ክሱም ኩባንያው መሣሪያው የጦር መሣሪያን ሁሉ እንደሚያገኝና ጉዳት የሌለውን ዕቃ እንደሚለይ አድርጎ ከእውነቱ በላይ አስታውቋል የሚል ነበር። ኩባንያውም በስምምነት ነገሩን ሲጨርስ ማስረጃ የሌለውን ነገር ከማስታወቅ እንዲቆጠብ ተወስኗል። እንግዲህ ብልኅ ፈታሽ የሌለበት በር፣ መሣሪያው ምንም ያህል ዋጋ ቢያወጣ፣ የተጠበቀ በር አይባልም።

እስከዚህ የተናገርነው ፍተሻ የሚያስፈልግ ስለመሆኑ ነው። አሁን ደግሞ ወሰኑን ወደሚያሳየን ታሪክ እንለፍ።

በቻይና አገር በሻንጋይ ከተማ የሚገኘው ዲዝኒላንድ የተከፈተው በ2016 ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ጎብኚዎች ከውጭ ምግብ ይዘው እንዳይገቡ ደንብ አወጣ። ለጥበቃ ተብሎ ቦርሳ የሚከፈትበት ጠረጴዛም ይህን ደንብ ማስፈጸሚያ ሆነ። በ2019 መጀመሪያ ላይ አንዲት የሕግ ተማሪ የገዛችውን ጥቂት የሚቀመስ ነገር በቦርሳዋ ይዛ ወደ ፓርኩ ሄደች። በበሩ ላይ ቦርሳዋ ተፈተሸ፤ ስንቋም ስለ ተገኘ ይዛው እንዳትገባ ተከለከለች። የስንቁ ዋጋ ከ50 ዩዋን ያነሰ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ጥቂት አጕረምርሞ ዝም ይላል። ይህች ተማሪ ግን በማርች ወር በከተማው ፍርድ ቤት ድርጅቱን ከሰሰች። የቻይና የተጠቃሚዎች መብት መጠበቂያ ሕግ በ27ኛው አንቀጽ፣ ነጋዴ የደንበኛውን ሰውነትና የያዘውን ዕቃ እንዳይበረብር ይከለክላል። ክርክሩ ስለ ስንቁ ዋጋ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ድርጅቱ በበኩሉ ደንቡ በእስያ ካሉት ሌሎች የመዝናኛ ፓርኮች ደንብ የተለየ አይደለም ሲል መለሰ። ሕዝቡ ግን በዚህ መልስ አልረካም። በአሜሪካ ባሉት የዚሁ ድርጅት ፓርኮች ጎብኚ ስንቁን ይዞ መግባት ሲፈቀድለት፣ የሻንጋዩ ጎብኚ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድር ነው? ምግቡ በውስጥ በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ አይደለምን? እያለ ይጠይቅ ጀመር። ጉዳዩም በአገሩ ጋዜጦች ላይ ለብዙ ጊዜ መነጋገሪያ ሆነ። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2019 ድርጅቱ ደንቡን ለወጠ። መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ ከሚያስፈልገውና ኃይለኛ ሽታ ካለው ምግብ በቀር ጎብኚው ለራሱ የሚበላውን ይዞ እንዲገባ ተፈቀደለት። በፍተሻውም ጊዜ ጎብኚው ቦርሳውን በገዛ እጁ እንዲከፍት ተወሰነ። ተማሪዋም በፍርድ ቤቱ አስታራቂነት 50 ዩዋን ተከፍሏት ክርክሩ በስምምነት ተፈጸመ።

ሃምሳ ዩዋን ለታላቅ ድርጅት ምንም አይደለም፤ ለተማሪዋም ሀብት አይሆናትም። የነገሩ ቁም ነገር ከዚህ የራቀ ነው። ሰው ቦርሳውን ለፈታሽ የሚከፍተው «የአንተንና የሌሎችን ሕይወት ለመጠበቅ ነው» ስለ ተባለ ነው። ይህን አምኖ ከገዛ መብቱ ጥቂቱን ይለቃል። ያ ፈታሽ ፈንጂውን ትቶ ዳቦውን የሚፈልግ ከሆነ ግን ውሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ፈታሹን እንደ ጠባቂ ሳይሆን እንደ ባለሱቅ ተላላኪ ያየዋል። ቦርሳውን ሲከፍትም በሙሉ ልብ አይከፍትም፤ ከሥር የሚደብቅበትን ብልኃት ይፈልጋል። ስለ ዳቦ መደበቅን የለመደ ሕዝብ ደግሞ ለእውነተኛው ፍተሻ የሚተባበር አይሆንም። በማንቸስተር አጠራጣሪውን ሰው አይቶ የተናገረው ከሕዝቡ መካከል አንዱ እንደ ነበረ እናስታውስ። ጥበቃ በሕዝብ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ እምነቱን ለጥቂት ትርፍ የሸጠ በር ደግሞ ምንም ያህል ጠባቂ ቢኖረው ባዶ በር ነው።

«ፓርኩ የግል ንብረት ነው፤ ባለቤቱ የፈለገውን ደንብ ያወጣል» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። በአሜሪካ ይህ አባባል የሕግ መሠረት አለው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 4ኛው ማሻሻያ ያለ አግባብ ከመፈተሽ የሚጠብቀው ከመንግሥት ነው እንጂ ከግል ድርጅት አይደለም። ፍተሻውን ያልወደደ ጎብኚ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ሕግ የፈቀደው ነገር ሁሉ መልካም ነገር አይደለም። ከሩቅ አገር በአውሮፕላን የመጣ፣ ልጆቹን ለወራት በተስፋ ያቆየ፣ የቲኬቱንም ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ አባት በበሩ ላይ ቆሞ «አልፈተሽም፤ እመለሳለሁ» ለማለት በእውነት ነጻነት አለው ወይ? ስለዚህ ደንቡ ቲኬቱ ከመሸጡ በፊት ሊታወቅ ይገባል እንላለን። የተከለከለው ዕቃ ስም በግልጽ ይጻፍ፤ የተከለከለበትም ምክንያት ከጎኑ ይነገር። በር ላይ ድንገት የሚነገር ደንብ ከደንብ ይልቅ ወጥመድን ይመስላል።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የተደረገ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም የሚል አንባቢ ካለ፣ በማለዳ ወደ ሥራው ወይም ወደ ትምህርቱ ሲሄድ ያለፈበትን በር ያስታውስ። በአዲስ አበባ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴልና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ቦርሳውን ከፍቶ ያሳያል። በኦክቶበር 2019 በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ የሚጎበኝም ሰው ሳይፈተሽ አይገባም። በ1995 የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ ሰው ሰውነቱ፣ መኖሪያ ቤቱና ንብረቱ ከመመርመር የሚጠበቅበትን መብት ደንግጓል። ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና የአገርን ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልን፣ ጤናን፣ የሕዝብን ሥነ ምግባርና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በወጣ ሕግ መሠረት መሆኑን ይናገራል። ምክንያቱ በስም ተዘርዝሮ መጻፉን ልብ ይሏል። ምክንያት የሌለው ፍተሻ ሥልጣንን ማሳየት እንጂ መጠበቅ አይደለም።

እንግዲህ ከተፈታሹ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ ፈታሹን ማክበር ነው። ፈታሹ ፀሐይና ብርድ ሳይል ሙሉ ቀን ቆሞ የሺህ ሰዎችን ቦርሳ የሚያይ፣ ደመወዙም ብዙ ያልሆነ ሠራተኛ ነው። ሺህ ጊዜ ምንም ሳያገኝ አንድ ሺህ አንደኛውን በዚያው ትጋት እንዲመለከት የሚያደርገው ኅሊናው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በዘለፋ ማድከም ራስን መጕዳት ነው። ሁለተኛ፣ በፍተሻ ቦታ ላይ ስለ ፈንጂና ስለ መሣሪያ መቀለድ ፈጽሞ አይገባም። በደንብ የተማረ ፈታሽ ቀልዱን እንደ እውነት አድርጎ መመርመር ግዴታው ስለሆነ፣ ቀልደኛው ከኋላው የተሰለፈውን ሕዝብ ሁሉ ያስቆማል። ሦስተኛ፣ ከሚያስፈልገው ዕቃ በላይ ተሸክሞ ወደ ፓርክ የሚሄድ ሰው ራሱንም ሌላውንም ያዘገያል።

አራተኛውን የምንናገረው በተለይ ለወጣት ሹማምንት ነው። «እኔ ማን እንደ ሆንሁ ታውቃለህን?» የሚል ቃል ከተማረ ሰው አፍ ሊወጣ አይገባም። ሹም ሆኖ ሳይፈተሽ ያለፈ ሰው ለራሱ ክብር ያገኘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በስተኋላው ለቆሙት ሁሉ ፍተሻው የሚደረገው ለደኅንነት ሳይሆን ለታናናሾች መሆኑን አስተማራቸው። ፈታሹንም በሚቀጥለው ቀን ጥሩ ልብስ የለበሰውን ሁሉ እንዲያሳልፍ አደረገው። ክፉ ሰውም ጥሩ ልብስ መልበስ እንደሚችል መቼም የታወቀ ነው። ሹሙ በሰልፉ ቆሞ ቦርሳውን የከፈተ እንደሆነ ግን በዚያች ጥቂት ደቂቃ ብዙ ሰዓት ከሚፈጅ ንግግር የበለጠ ትምህርት ሰጠ።

ከፈታሹና ከአዛዡ የሚጠበቀውም እንዲሁ የታወቀ ነው። ቦርሳውን ባለቤቱ ራሱ ይክፈተው፤ ፈታሹም በእንጨት ዘንግ ወይም በራጅ መሣሪያ ይመልከት እንጂ ያለ አስፈላጊ ነገር እጁን አያስገባ። ሴትን ሴት ትፈትሽ። የሕመምተኛ መድኃኒትና የሕፃን ምግብ የመሳሰለውን በርኅራኄ ይመልከት። ያየውን የሰው ምስጢር አያውራ፤ በሰው ዕቃም አይሳቅ። «እባክዎ» ብሎ ይጀምር፤ «እናመሰግናለን» ብሎም ያሳልፍ። ይህን ማለት ጊዜ አይወስድም፤ ገንዘብም አያስወጣም። የተበደለ ሰው ቢኖርም አቤት የሚልበት ሥፍራና የሚሰማው ሰው በዚያው በበሩ አጠገብ ይኑር። የሻንጋይዋ ተማሪ እስከ ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈለጋት፣ ነገሩ በር ላይ ባለመፈጸሙ ነው።

እናንተ ዛሬ በትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእነዚህ በሮች ባንዱ ላይ የሚለጠፈውን ደንብ መጻፋችሁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ይህ የማንን ሕይወት ይጠብቃል?» የሚለውን ጥያቄ አኑሩ። መልስ ያገኘውን አጽኑት፤ መልስ ያጣውን ሰርዙት። እንደዚህ ባለው ደንብ የሚጠበቅ በር ሲገጥመንም፣ እኛ ተፈታሾቹ ቦርሳችንን ሳንጠየቅ ከፍተን መጠበቅ ይገባናል።